አምቦ ላይ አንዲት ላንድክሩዘር

ከእንቁላል ማስቀመጫው ሠላሳ ጉድጓዶች ዐሥራ ሁለቱ በእርሳስ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ከቁጥሩ አጠገብ አንድ ፊደል አለ፤ «ገ» አየር ለሚገባበት፣ «ወ» ጢስ ለሚወጣበት። ዘጠኙ ጉድጓድ ባዶ ነው። በሦስቱ ውስጥ ግን የአንድ ብር ሳንቲም የሚያክሉ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ ክብ ብረቶች ተቀምጠዋል። አንዱን ላነሳ እጄን ስዘረጋ ጋሼ ከሞተሩ ላይ ቀና ሳይሉ «ተው! እያንዳንዱ የራሱ ቤት አለው» አሉኝ።

ቅዳሜ ነው፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ነሐሴ ቢሆንም ሰማዩ ለጊዜው ተከፍቷል፤ ፀሐይዋ ግን የግቢውን ባሕር ዛፍ ገና አልዘለለችም። ሰዓቱ የተመረጠው ታስቦበት ነው። የቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ በርዶ ካደረ በኋላ ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ ስለዚህ በቀዝቃዛው ትንሽ ክፍተት ካልተተወለት ሲሞቅ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በዚህ ሞተር አየር የሚያስገባው ቫልቭ 0.20 ሚሊሜትር፣ ጢሱን የሚያስወጣው ደግሞ 0.40 ሚሊሜትር ይተውለታል፤ ወደ ላይም ወደ ታችም 0.05 ይፈቀዳል። ጢስ የሚያስወጣው እጥፍ ክፍተት የተሰጠው እሳቱን የሚጋፈጠው እሱ ስለሆነ ነው።

ጋሼ ስሱን የመለኪያ ብረት አስገብተው በሁለት ጣት ይጎትቱታል። ሲጎትቱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከመጽሐፍ ገጾች መካከል ፎቶግራፍ እንደ መሳብ ነው ይላሉ፤ ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ላልቷል፣ ገጹን ይዞ ሊወጣ ከፈለገ ጠብቋል። እኔም ሞከርኩት። ለእኔ ዐሥራ ሁለቱም አንድ ናቸው። ለእሳቸው ሦስቱ ከልክ ወጥተዋል፤ የእነዚህን ክፍተት የሚወስኑትን ሦስት ክብ ብረቶች አውጥተው በማይክሮሜትር ሲለኳቸው ደግሞ የአራተኛው ሲሊንደር ብረት ለሁለተኛው በልኩ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ የሚገዛው ሁለት ብቻ ነው። ይህን ሲያውቁ ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ የገንዘብ ቁጠባ ደስታ አልመሰለኝም። ቼዝ የሚጫወት ሰው ጥሩ መንገድ ሲታየው የሚሰማው ዓይነት ነበር።

መኪናዋ የድሮዋ ሰባ አምስት ናት። ቶዮታ 70 የሚባለውን የላንድክሩዘር ዘር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን እስከ ዛሬ ማምረቱን አልተወም። የጋሼዋ እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ የመጣው 1ኤችዜድ ሞተር አላት፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ናፍጣ፣ ያለ ተርቦ። እ.ኤ.አ. በ1999 የፊት እግሯ ወደ ሞላ ከመቀየሩ በፊት የተሠራች ስለሆነች በአራቱም እግሯ በባልስትራ ላይ ትቆማለች። ጋሼ በጨረታ ሲገዟት ሌሎች ተጫራቾች ዝገቷን እያዩ ትተዋት ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንግሥት መኪና ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸው የሆነችውን መኪና በገዛ ግቢያቸው፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር አቆሟት። ጋራዥ አልከፈቱም። የሰው መኪና አይቀበሉም። የሚሠሩት እሷን ብቻ ነው።

ሥራውን ለመመልከት ሦስት ቅዳሜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ቀን የሄድኩት እልህ ይዞኝ ነው። የራሴ ሂሉክስ የኋላ ባልስትራ ተቀምጦብኝ ወደ አንድ ጋራዥ ወስጄው ነበር። ብረቶቹን በእሳት ቀይ እስኪሆኑ አግለው፣ ጎብጠው ሲታዩ ዐፈር ላይ ጥለው እንዲበርዱ ተዉአቸው። መኪናዬ ለአንድ ወር ያህል ደረቷን ነፍታ ሄደች፤ ከዚያ ጭነት ባረፈባት ቁጥር ዝቅ እያለች መጥታ ከበፊቱ የባሰ ወረደች። ለጋሼ ስነግራቸው አልሳቁም፤ ሰውም አላሙም። «ብረቱ ጸባዩን ረስቶ ነው» አሉ። የባልስትራ ብረት የሚመለሰው ፋብሪካ ውስጥ በልክ ግሎ፣ በዘይት በርዶ፣ እንደገና በልክ ሞቆ ስለወጣ ነው። ቀይ እስኪሆን አግለው ቀስ ብሎ እንዲበርድ ከተዉት ያንን ሁሉ ያጣና እንደ ማንኛውም ብረት ይለሰልሳል፤ ይጎብጣል እንጂ አይመለስም። ጉብጠቱን አይቶ የሚገዛ ሰው ልዩነቱን በዓይኑ አያየውም፤ እኔም አላየሁትም።

ባልስትራ ቃሉ ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ በመነሻው ቀስት ወርዋሪ መሣሪያ ማለት ነበር። በጋሼ ግቢ ይህን ቃል የሚሰሙበት መንገድ አስገራሚ ነው። ከረዳታቸው ልጅ ጋር የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ፤ የመኪናዋ ገላ ግን በጣሊያንኛ ይጠራል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፓራፋንጎ፣ ኮፈን፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ማርሚታ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሲይዘን ጥሎብን ከሄደው ሁሉ የእጅ ሙያ ሰው መርጦ ያስቀረው እነዚህን ቃላት ነው። በኋላ ኤንትሬ የምንላቸው የፊያት ከባድ መኪኖች ቃላቱን ይዘው ገጠር ለገጠር አዳረሷቸው። መኪናዋ ጃፓን ተሠርታ፣ መመሪያ መጽሐፏ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ አምቦ ላይ ስትፈታ በጣሊያንኛ ትፈታለች። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? ዐሥራ ስምንት ቢሆነው ነው። «ሮንዴላ» ሲል ቃሉ የአያቱ እንጂ የጣሊያን አይመስልም።

ወደ ባልስትራው ልመለስ፤ ሦስቱን ቅዳሜ ያስመላለሰኝ እሱ ነውና።

ጋሼ የኋላውን ባልስትራ አውርደው የመሃሉን ቡሎን ፈቱና ብረቶቹን ከረዥሙ ወደ አጭሩ ግድግዳው ሥር አስደገፏቸው። ልጁ በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ ሲጨርስ አንድ በአንድ በናፍጣ በራሰ ጨርቅ እየጠረጉ ለብርሃን ያዞሯቸዋል። የሚፈልጉት ስንጥቅ ነው። ናፍጣ ወደ ስንጥቅ ይገባል፤ ላዩን ሲደርቅ ስንጥቁ እንደ ፀጉር ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል። አራተኛው ብረት ላይ፣ ከመሃሉ ቀዳዳ ጎን፣ እኔ የመዶሻ ጭረት ነው ብዬ ያለፍኩትን አንድ መስመር አዩና ብረቱን ለብቻ ወደ አጥሩ ጣሉት። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፣ ግን ደክሟል፤ ቀኝና ግራው አንድ አይደለም።

ከዚያ አንድ ሰፊ ኮምፔንሳቶ መሬት ላይ ዘርግተው ደህናውን ጎን በጠመኔ ገለበጡት። ጉብጠቱ በእንጨቱ ላይ ነጭ ቅስት ሆኖ ቀረ። ከዚህ በኋላ የሚመታ ብረት ሁሉ እየተነሣ እዚህ ቅስት ላይ ይቀመጣል፤ የቀረው ስንት እንደሆነ ጠመኔው ይናገራል። ስለ ሚሊሜትር ሲያወሩ አልሰማሁም። የሚሉት «ገና ነው» ወይም «ደረሰ» ብቻ ነው።

መምቻው ከወፍራም ብረት የተቆረጠ፣ መሃሉ እንደ ገበታ ጎድጎድ ያለ መደብ ነው። ብረቱ ጎድጓዳ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ በጉድጓዱ ላይ ይጋደማል። ልጁ በሁለት እጁ ጫፉን ይይዛል፤ ጋሼ ይመታሉ። እሳት የለም። ብረቱ ቀዝቃዛ እንደሆነ ነው የሚሠራው፤ ፋብሪካ የሰጠው ጥንካሬ እንዳይነካ። አንድ ምት ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ዓይን የሚያየው ለውጥ የለም። ከመሃል ይጀምራሉ፤ ከአንዱ ምት እስከሚቀጥለው የአውራ ጣት ስፋት ይተዋሉ፤ እስከ ጫፍ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወደ መሃል ተመልሰው ወደ ሌላው ጫፍ። አንድ ብረት ላይ ስቆጥር ስልሳ ምት ደርሶ ቆጠራው ጠፋኝ። የመዶሻው ምልክቶች ጥልቀታቸው አንድ፣ ርቀታቸው አንድ ሆኖ እንደ ጥልፍ ተሰልፈዋል። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረበ ሰው ባለ አራት ኪሎ መዶሻ እያነሣ ምቱን ሁሉ እኩል የሚያደርገው እንዴት ነው ብዬ አስቤ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ አይመቱም፤ መዶሻውን አንሥተው ይለቁታል። የሚመታው ክብደቱ ነው። ከፍታው ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ ምቱም አንድ ነው።

በአጥር ያለፈ ሰው ድምፁን ሰምቶ «ጀባዻ!» ይላል፤ በርቱ ማለቱ ነው። ጋሼ መዶሻውን ሳያቆሙ ራሳቸውን ነቅንቀው ይመልሳሉ።

በተጣለው ብረት ፋንታ ከአሮጌ ፒካፕ የተገኘ ብረት ገባ። ስፋቱ ልክ ነው፤ ርዝመቱ ግን ተቆርጧል። ማንም ጋራዥ በመፍጫ ቆርጦ ያስገባዋል። ጋሼ ከተቆረጠ በኋላ ግማሽ ቀን ጫፉን በሞረድ ሠሩት። ማዕዘኖቹ ከበቡ፣ ጫፉ እንደ ጣት ጥፍር ሳሳ፣ ከሥሩ ያለውን የሚነካው ጠርዝ ለሰለሰ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው አጥሩ ሥር የተጣለውን የተሰነጠቀ ብረት እንዳመጣ አዘዙኝ። ገልበጥ አድርገው አሳዩኝ፤ የጎረቤቱ ብረት ስለታም ጫፍ ዓመታት ሙሉ ሲፍቀው የቆየ ጉድጓድ አለ። ባልስትራ በጭነት ሲተኛና ሲነሣ ብረቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ፤ ሹል ማዕዘን ያለው ብረት ባልንጀራውን ይበላል። በመካከላቸው ግሪስ አይቀቡም፤ አቧራ ይዞ እንደ ሞረድ ይፈጫል ይላሉ። ከአሮጌ የባትሪ ድንጋይ ውስጥ የወጣውን የከሰል ዘንግ ፈጭተው፣ በጠብታ ዘይት ለውሰው፣ በጨርቅ ስስ አድርገው ያብሱበታል፤ ጥቁር ሐር ይመስላል።

ከሁሉ የወደድኩት የሚቀጥለውን ነው። ብረቶቹ ተደርድረው ገና ቡሎኑ ሳይጠብቅ ከጎን ብታያቸው አይገጥሙም። እያንዳንዱ አጭር ብረት ከበላዩ ካለው ረዥም ትንሽ ይበልጥ ይጎብጣል፤ ስለዚህ በመሃላቸው የቢላ ስለት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ስህተት መስሎኝ ነበር። ሥራው እዚያ ላይ ነው። የመሃሉ ዳዶ በእያንዳንዱ ዙር ሲጠብቅ ክፍተቱ ከመሃል ጀምሮ ወደ ጫፎቹ እየተዘጋ ይሄዳል፤ ብርሃኑ ሁለት ቀጭን ክር ሆኖ ይቀርና ይጠፋል። ብረቶቹ ገና መኪናዋ ሳታርፍባቸው እርስ በርስ ተገፋፍተው ተወጥረዋል። ጭነቱ ሲመጣ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ይጠብቀዋል፤ ረዥሙ ብቻውን አይሸከምም። ልጁ ዳዶውን ሲያጠብቅ ጋሼ ተንበርክከው፣ ጉንጫቸውን ወደ ብረቱ አስጠግተው፣ በመካከሉ የሚያልፈውን ብርሃን ያዩ ነበር። ብርሃኑ በቀኝና በግራ እኩል ሳይዘጋ ከቀረ ብረቱ ተመልሶ ወደ መደቡ ይሄዳል። አንዱ ሁለት ጊዜ ተመለሰ።

መኪናዋ በዚህ ሁሉ ከፍ ያለችው አራት ሳንቲሜትር ነው። አዲስ አበባ ላይ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ሳንቲሜትር አንጠልጥለው፣ ሰፋፊ ጎማ አስገብተው የሚሄዱትን አይቻለሁ፤ ስለ እነሱ ስጠይቃቸው ጋሼ ከመኪናዋ ሥር ገብተው ትራንስሚሲዮኑን አሳዩኝ። መኪና ከፍ ባለ ቁጥር ዘንጉ ይበልጥ እየተጣመመ ክሮቸራው ይደክማል፤ የፍሬኑ ጎማ ቱቦ ይሳባል፤ የፊት እግሩ አቀማመጥ ይዛባል። አራት ሳንቲሜትር ግን ዘንጉም ቱቦውም ያለ ቅሬታ የሚሰጡት ነው። ጎማዋም ፋብሪካ እንደሰጣት ነው፤ 7.50 በ16፣ ቀጭንና ረዥም፣ ከመነዳሪ ያለው።

ቀጭን የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት የጊንጪን ሜዳ በክረምት ማየት ያስፈልጋል። ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ በግራም በቀኝም የሚታየው ጥቁር አፈር ኮትቻ ነው፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ሰፊ ጎማ ላዩ ላይ ይንሳፈፍና ጥርሱን በጭቃ ሞልቶ እንደ በርሜል ይንከባለላል። ቀጭኑ ቆርጦ ይገባል፤ የሚይዘው ነገር ካገኘ ይይዛል፣ ጭቃውንም ቶሎ ይተፋል። ከአምቦ ወደ ደቡብ፣ ወደ ወንጪ ሲወጡ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የወንጪ ጉልላት ከ3,000 ያልፋል። እዚያ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይቀላል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ሲቀንስ ናፍጣው ግን አይቀንስም፤ ትርፉ ጥቁር ጢስና ሙቀት ይሆናል። ወጣቶች «ፖምፓውን ክፈቱላት፣ ኃይል ትጨምር» ይሏቸዋል። እሳቸው ያደረጉት ተቃራኒውን ነው፤ የፖምፓውን ቡሎን ከአንድ ዙር ስምንተኛውን ያህል ወደ ኋላ መለሱት። ዳገት ላይ ጢሷ ሳሳ፤ የውሃ ሙቀቷም ልኩን ያዘ።

የአምቦ መስመር ለመኪና መንገድ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በሀገራችን ቀድመው ካሠሯቸው ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የወጣው ነው፤ ወደ አምቦ በሚወስደው መስመር ላይ። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ወልስሊ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ በበረሃ ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ለመኪና ተብሎ የተሠራ መንገድ አልነበረውም። ኢትዮጵያ የመጀመሪያ መኪናዋን ያገኘችው በየድንጋዩ፣ በየወንዙና በየአሸዋው አቋርጣ ስትመጣ ነው። አገር አቋራጭነት ለእኛ መዝናኛ ሆኖ አልጀመረም።

ሁለተኛው ቅዳሜ የፊት እግር ነበር። የቀኙ እግር ክብ ራስ ሲፈታ ከውስጡ የወጣው ግሪስ አልነበረም፤ እንደ ሾርባ የቀጠነ ግራጫ ነገር ነው። ፓራኦሊዮው ተበልቶ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል። ኩሽኔታዎቹ በግማሽ ጀሪካን ናፍጣ ውስጥ ታጠቡ፣ በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ ላይ ተሰለፉ፣ ከዚያ አዲስ ግሪስ ተሞሉ። አሞላሉን ላስረዳ፦ ጋሼ በግራ መዳፋቸው አንድ እፍኝ ግሪስ ይዘው የኩሽኔታውን ጠርዝ መዳፋቸው ላይ ይጫኑታል፣ ያነሡታል፣ ይጫኑታል። ግሪሱ በሮለሮቹ መካከል ሰርጎ በሌላው ወገን እንደ ትናንሽ ትሎች ብቅ ሲል ጥቂት ያዞሩና ይቀጥላሉ። ላዩን መቀባት ቀላል ነበር። ላዩን የተቀባ ኩሽኔታ ግን ውስጡ ደረቅ ነው።

ክቡ ራስ ሲገጠም ከላይና ከታች ስስ ስፔሶሮች ይገባሉ። ቢበዙ መሪው ይላላል፣ ቢያንሱ ይከብዳል። ልኩ የሚታወቀው የመሪውን ክንድ በሞላ ሚዛን እየሳቡ፣ መንቀሳቀስ ሲጀምር ስንት ኪሎ እንደሚያሳይ በማንበብ ነው። ጋሼ ሚዛኑን ከቤት አስመጡ፤ ባለቤታቸው ቅቤ የሚመዝኑበት ነው። ቀኙ ከግራው ከበደ፤ አንድ ስፔሶር፣ ከወረቀት የማይወፍር፣ ገባ። እንደገና ተመዘነ። አሁን እኩል ሆነ። እትዬ ሚዛናቸውን በጨርቅ ጠርገው ሲመልሱ «ቅቤው ናፍጣ እንዳይሸት» አሉ፤ ጋሼም በሳሙና እንዲታጠብ ልጁን ላኩት።

ስለ ትራንስሚሲዮኑ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከመፈታቱ በፊት በዘንጉ ሁለት ክፍሎች ላይ፣ ፊት ለፊት፣ በነጥብ መምቻ ሁለት ነጥብ መቱ። ክሮቸራ ሲታጠፍ ዘንጉን በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያፈጥነዋል፣ ሁለት ጊዜ ያዘገየዋል፤ በሌላው ጫፍ ያለው ክሮቸራ ይህን የሚያስተካክለው ሹካዎቻቸው በአንድ መስመር ከሆኑ ብቻ ነው። በአንድ ጥርስ ቢሳሳት መኪናዋ በሄደች ቁጥር ትንቀጠቀጣለች፤ ሰውየውም ጎማ ሲቀይር ይኖራል። ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ምት። ይህን ያህል ነው።

የመጨረሻው ሥራ ፍሬን ማስተንፈስ ነበር። ከፍሬኑ ጫፍ የወጣው ብርሃን አሳላፊ ቱቦ ጥቂት ዘይት ወዳለበት የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ይገባል። ልጁ መሪው ላይ ተቀምጦ ይረግጣል፤ ጋሼ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። በጠርሙሱ ውስጥ አረፋ ይወጣል። በአምቦ ውሃ አረፋ በምትኮራ ከተማ ላይ እዚህ ግቢ የሚፈለገው አረፋው የሚያልቅበት ደቂቃ ነው። ትላልቆቹ አረፋዎች ጠፉ፤ ከዚያ እንደ ጤፍ ፍሬ የሆኑት መጡ። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ጋሼ ቀጠሉ። ሦስት ጊዜ ጥርት ብሎ ከወረደ በኋላ ሌላ ሦስት ጊዜ አስረገጡ።

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ እንዲህ ዓይነት እጅ ዋጋው ሌላ ሆኗል፤ ያሉት አሮጌ መኪኖች ባሉበት መቆየት አለባቸው። የጋሼ እጅ ግን ከዚያ በፊትም እንዲሁ ነበር። መኪናዋ ላይ የተለወጠ ነገር ፈልጌ ያገኘሁት ጥቂት ነው፦ አየር መሳቢያው ከአቧራና ከወንዝ ውሃ ርቆ ወደ ጣሪያው ከፍ ብሏል፣ ብየዳው እስከማይታይ ተሞርዷል፤ የፖርቶመጋላው ክብደት ቀንሷል። ሌላው ሁሉ የነበረ ነው፤ ግን በቦታው፣ በልኩ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ከሰዓት ወጣን። ወደ ጊንጪ አቅጣጫ በአስፋልቱ ሄደን፣ ወደ ግራ ታጥፈን፣ የጤፍ ማሳ በግራ ቀኝ ባለበት የገጠር መንገድ ገባን። ጠዋት ዘንቦ ነበር። ጋሼ ወርደው የፊት ሞዞዎቹን በእጃቸው ወደ መቆለፊያው አዞሩ፣ ማርሹን ወደ ከባዱ አስገቡ፣ ከዚያ እግራቸውን ከነዳጁ ሊያነሡ እስኪቃረቡ አቀለሉት። ጥቁሩ ጭቃ በጎማው ሥር ሲጎተት ይሰማኛል። የኋላዋ አልተወረወረም። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ባልስትራው አንድ ጊዜ ተኛ፣ አንድ ጊዜ ተነሣ፣ ሦስተኛ ጊዜ አላለም። ጋሼ መሪውን በሁለት ጣት ይዘው ያዳምጣሉ። አንድም ቃል አልተናገሩም።

ተመልሰን አስፋልቱ ዳር ቆምን። ጋሼ ወረዱና እንደ ሐኪም የእጃቸውን ጀርባ በእያንዳንዱ ሞዞ ላይ አሳረፉ። የኋላው ግራ፣ የኋላው ቀኝ፣ የፊቱ ቀኝ። የፊቱ ግራ ላይ እጃቸው ትንሽ ቆየ። እኔም ነካሁት፤ ለብ ብሏል፣ የሌሎቹን ያህል። እሳቸው ግን እንደገና ወደ ቀኙ ዞረው ነኩት፣ ወደ ግራው ተመለሱ። ከዚያ ከመቀመጫው ሥር ባለ 54 ቁልፉን አውጥተው፣ መዶሻውን ለልጁ ሰጥተው፣ ክሪኩን ከመንገዱ ዳር ወደ ጠንካራው መሬት አስጠጉት።